በሌለ ከተማ ሌባ ነበርኩ

ሌባ ነበርኩ ብል የሚያውቁኝ ይስቃሉ። አሰላ ላይ ጋሪ ስነዳ ነው ያረጀሁት። ተሳፋሪ ጃንጥላ ረስቶ ቢወርድ ቤቱ ድረስ ወስጄ የምሰጥ ሰው ነኝ። ቢሆንም በደርግ ጊዜ፣ ክረምት ክረምት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌባ ነበርኩ። የምሰርቀው ግን በሌለ ከተማ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት ነበር። የጋሪ ጎማ የመኪና ጎማ ስለሆነ እኛ ባለጋሪዎች ከዚያ ቤት አንጠፋም። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ እጁ ጎማ ሲያበጅ አፉ ተረት የሚያበጅ ሰው ነበር። ሌላው ወዳጃችን እህል ተሸካሚ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ የአርሲ ተወላጅ። ኦቦ እንላቸዋለን። አማርኛቸው ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ ሲናደዱ ደግሞ ሙሉው።

ክብሪት መወርወር የማያውቅ የለም መቼም። የክብሪቱን ቤት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ከስሩ በጣት መታ ማድረግ ነው። በጀርባው ከተኛ ሌባ፣ በጎኑ ከቆመ ዘበኛ፣ ሽቅብ ከቆመ ንጉሥ። ልጆች ሲጫወቱት ሌባው በኩርኩም ይመታና በዚያው ያልቃል። ጋሼ ግን ይህ አልበቃውም። አንድ ዝናባማ ቀን ሌባ ሲወጣብኝ እጁን ለኩርኩም አነሳና መልሶ አወረደው።

"ቆይ" አለኝ። "ሌባስ ሆንክ። የት ገብተህ፣ ምን ልትሰርቅ ነው? በየት በኩል ትገባለህ?"

በዚያው አንዲት ከተማ በቃል መሥራት ጀመርን። ግንብ አቆምንላት። ወንዟን ዘንዶ እንዲጠብቅ አደረግን። በሯ ላይ አንድ ዓይና ጅብ አስተኛን፤ ይህች የኦቦ ናት፣ ጅብ የሌለበት አገር አገር አይደለም ብለው። ሌባው ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይናገራል። ሌላው ዘበኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዱ ደግሞ የግንቡ ጌታ ነው። ሌባው አደገኛ ቦታ ሲደርስ፣ እንበል አጥር ሲዘል፣ ክብሪት ይወረውራል። በጎኑ ከቆመ አለፈ። በጀርባው ከተኛ ዘበኛው ነቅቷል፣ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ንጉሥ የሚለው ስም ግን ችግር አመጣ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ "ንጉሥ ሆንኩ!" ብሎ መጮህ የሚያስከትለውን የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ጌታ እንበለው አልን። "ጌታም ፊውዳል ነው" አለ ጋሼ። ኦቦ "ሊቀመንበር እንበለዋ" ሲሉ ሦስታችንም በሩን አየን። በመጨረሻ ባለግንብ አልነው። ባለግንብ አንድ ሕግ አለበት፤ አይዋሽም። ሌባው ስለ ቤቱ የጠየቀውን ሁሉ እውነቱን መናገር አለበት። አለዚያማ ሌባ ምን ይዞ ያስባል?

እኔ ሌባነቱን ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ "ወዲህ ንዳ፣ ወዲያ ንዳ፣ እዚህ አቁም" ስባል የምውል ሰው፣ እሑድ ሲመጣ በየት በኩል እንደምገባ እኔው ነኝ የማውቀው። ወርቅ ሰርቄያለሁ፣ የዘንዶውን እንቁላል ሰርቄያለሁ፣ አንድ ጊዜማ የከተማዋን ጭጋግ በጆንያ አጭቄ ወስጄባቸው ኦቦ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አሁን ወደ ፈረሴ ልምጣ።

ዳማ ፈረስ ነበረኝ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ውርንጭላ ሳለ ጅብ የቀኝ ጆሮውን ጫፍ ወስዶበታል። ደንበኞቼን በቤታቸው ያውቃቸዋል፤ ሳልነግረው በየበራቸው ይቆማል። ስለ ፈረስ ብዙ ማውራት ደግ አይደለም፤ ሰው ይሰለቻል። እንጀራዬ ነበር፣ ወዳጄም ነበር ልበልና ልለፍ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድሮ የሰው ቤት ኪራይ ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። አብዮቱ ሲመጣ ካኪ ለበሰ፣ ሽጉጥ ታጠቀ። አንድ ቀን ለሚሊሻው ስንቅ መጫኛ ፈረስና በቅሎ ይፈለጋል ተባለና ከብቶቻችንን ሜዳ ላይ አሰለፍን። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ካድሬ እየዞረ አየ። የኔ ጋ ሲደርስ ቆመና "ይህን ጆሮ ማን በላው?" አለ። "ጅብ ነው ጓድ" አልኩት። "እንግዲህ ከጅብ ያመለጠ ከጠላትም ያመልጣል" ብሎ ስቆ አለፈ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ሊቀመንበሩ ያቆያቸው ተባለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ፈረሴ ደህና ሄደ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"ያንተ ፈረስ ሳይጫን ታሞ ሞተ" አለኝ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ቢሆንም በእናት አገር ጥሪ ላይ ሳለ ነው የሞተ። አጨብጭቡለት!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አለማጨብጨብ አይቻልም ነበርና በገዛ ፈረሴ ሞት አጨበጨብኩ። ብዙ ነገር ለብዙ ሰው ትቻለሁ፤ ያችን ጭብጨባ ግን ለዚያ ሰው አልተውኩለትም። ዛሬም አልተውኩም።

ጋሪዬ ጓሮ ቆመ፣ ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። እኔ ከኦቦ ጋር እህል መጋዘን ገብቼ ጆንያ ተሸከምኩ። ሚስቴ ትከሻዬን በሞቀ ውኃ እያሸች "ለእግዜር ስጠው" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እግዜርም ብዙ ሥራ አለበት እላለሁ በልቤ።

አንድ ጠዋት አርቦዬ ወዳለችው እህቴ ልሄድ የይለፍ ወረቀት ፈልጌ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ከውጭ ገባ። አጠገቤ ሲያልፍ ሱሪውን አየሁት። ከጉልበቱ በውስጥ በኩል፣ በሁለቱም እግሩ፣ ቀይ ዳማ ፀጉር ተጣብቋል። በመኪና የመጣ ሰው፣ በእግሩም የመጣ ሰው፣ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር አይዝም። ያለ ኮርቻ፣ ወይም በቀጭን ግላስ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የሚይዘው። ዳማ በአርሲ ሞልቷል አልኩ ለራሴ። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። እህቴ ጋ ግን አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲህ ሌብነቴ ተለወጠ። በሌለችው ከተማ ውስጥ ወርቁን ማየት ተውኩ።

"አንተ ሰውዬ" አለኝ ጋሼ፣ "ግምጃ ቤቱን ክፍት ትቼልህ ጋጣ ጋጣውን ትላለህ። ምን ነካህ?"

ነገርኩት። ኦቦም ሰሙ። ጋሼ የያዘውን ጎማ አስቀመጠና "ይኼን ነገር ከዚህ ጠረጴዛ እንዳታወጣው" አለኝ። ኦቦ መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፉ።

እግዜር ሥራ ቢበዛበትም ረስቶኝ አልነበረም መሰለኝ። አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በሩ ላይ ካኪ ቆመ። ሊቀመንበሩ ነው። ከቀበሌ ስብሰባ እየተመለሰ ነበር።

"ይኼ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?" አለ።

"ሌባ እየያዝን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ጋሼ፣ ሳይደነግጥ።

"ሌባው ማነው?"

ኦቦ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ሀቱ እሱ ነው! ይሰሩት፣ ያሳርፉን!"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ጎማ ላይ ተቀመጠና ጨዋታውን አስረዱኝ አለ። ሲሰማ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ልንገርህ አንባቢዬ፣ ሰውየው ጨዋታ የተራበ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የሚፈራ ሰው ከማን ጋር ይጫወታል? ወዲያው ልግባ አለ። ክብሪት ወርውር ቢሉት "እኔ ባለግንብ ነኝ፣ ምን እወረውራለሁ" ብሎ እምቢ አለ።

"እሺ፣ ግን ባለግንብ አይዋሽም" አለው ጋሼ። "ሌባው የጠየቀህን እውነቱን ትመልሳለህ።"

"እኔ ምን ያስዋሸኛል?"

ጀመርኩ። "ባለግንብ፣ የግንብዎ በር ከምን የተሠራ ነው?"

"ከቆርቆሮ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ።"

እርስ በርስ ተያየን። የራሱ የግቢው በር ነው።

"ዘንዶዎ የት ነው የሚተኛው?"

"ዘንዶ የለኝም። ውሻ ነው ያለኝ።"

ኦቦ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሰው የሌለ ነገር ማሰብ አይችልም። ጉዳቱ ይህ ነበር። እኛ ዘንዶ ስናበጅ እሱ ውሻውን ያመጣል፣ እኛ ግንብ ስናቆም እሱ የጓዳውን ቁልፍ የሚያስቀምጥበትን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ እሑድ አይቀርም። እኔም አልቸኮልኩም። አንድ እሑድ ስለ በሩ፣ አንድ እሑድ ስለ አጥሩ ጠየቅሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ ተያዝኩለት፤ ሲይዘኝ እንደ ሕፃን ያጨበጭባል።

አንድ እሑድ ቀስ ብዬ "ፈረስ አለዎት ወይ፣ ባለግንብ?" አልኩት።

"አለኝ" አለ። "እዚህ አይደለም እንጂ። አማቶቼ እርሻ ላይ ነው፣ ከኢተያ ወዲያ።"

በሌለ ከተማ ውስጥ ኢተያ! ጋሼ አቀረቀረ። እኔ ክብሪቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ፈረሴ በሕይወት አለ። "ዛሬ ዝናብ ስለሆነ ሌባው ቤቱ ገባ" አልኩና ተነሣሁ።

ማታ ጋሼ ቤቴ ድረስ መጣ። "ሄደህ እንዳትሰርቀው" አለኝ። "ይረሽኑሃል።"

"አልሰርቀውም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"እሱ በአፉ ያስረክበኛል።"

በሚቀጥለው እሑድ ሊቀመንበሩን እስኪጠግብ አመሰገንኩት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደ እርስዎ ያለ ባለግንብ አይተን አናውቅም። እኛማ ምንም አይደለን። አንድ ቀን እነዚያ ትልልቆቹ፣ ፈረሶቹን የመረጡት ጓድ ካድሬ፣ ቢያዩዎት ምን ይሉ ነበር!" እንደ ማር ላሰው። ባለቤቴ ብትሰማኝ ይኼ ባሌ አይደለም ትል ነበር።

አመጣው። ብዙም ሳይቆይ ካድሬውን በላንድሮቨር ይዞት መጣ። ካድሬው ወጣት ነው፣ ደክሞታል፣ ሳቅ ይወዳል። ጋሼ ደህናውን ወንበር ሰጠው። ሊቀመንበሩ ካኪውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

"ሌባው ይኼ ነው ጓድ" አለ፣ እኔን እያሳየ። "እስከ ዛሬ ከእጄ አላመለጠም!"

ካድሬው አየኝ። አላወቀኝም። ሰውን ማን ያስታውሳል፣ ያየው ፈረሱን ነው።

"ባለግንብ" አልኩ፣ "ዛሬ የመጣሁት ለፈረስዎ ነው። በጨለማ ስለምገባ ከሌላ ፈረስ እንዳልሳሳት ምልክቱን ይንገሩኝ።"

"ዳማ ነው" አለ፣ ካድሬውን እያየ በፈገግታ።

"ዳማማ ስንቱ ዳማ ነው፣ ባለግንብ። ሌላስ?"

እዚህ ላይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። አንድ ነገር ሽው ያለው መሰለኝ። ክብሪቱን በእጁ ያዟዙረው ጀመር። ያኔ ኦቦ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጥግ ሆነው ጮኹ።

"ዋይ! ባለግንቡ ፈርዳውን አያውቀውም! እኔ ድሃው የተሸከምኩትን ጆንያ እንኳ በጀርባዬ አውቀዋለሁ፤ እሱ የራሱን ፈረስ አያውቅም!"

ካድሬው ሳቀ። "መልስ እንጂ ጓድ! ፈረስህን አታውቀውም እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ቀላ። መሳቂያ መሆን አይችልም፤ በተለይ በዚያ ሰው ፊት።

"እንዴት አላውቀውም! ግንባሩ ነጭ ነው። የቀኝ ጆሮው ጫፍ የለም፤ ጅብ ነው የበላው።"

ካድሬው አፉ ለሳቅ እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ገጠመው።

"የትኛው ጅብ?" አለ ካድሬው።

"እ... ጓድ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"አዎ፣ ጨዋታ ነው። ቀጥሉ።" ወደ እኔ ዞረ። "ሌባ፣ ፈረሱ የት ነው የሚታሰረው?"

"ባለግንቡ እንደ ነገሩኝ፣ ከኢተያ ወዲያ፣ አማቶቻቸው እርሻ ላይ ነው፣ ጓድ።"

"ባለግንብ አይዋሽም ነው ሕጉ" አለ ጋሼ፣ ጎማውን እያየ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ተመለከተ። እስከዚያች ሰዓት ሌባ ነበርኩ ለሱ፤ ያኔ ነው የፈረሱ ባለቤት መሆኔን ያስታወሰው። አየሁት። አላቀረቀርኩም፣ ዓይኔንም አልሰበርኩም። እስኪጠግበኝ አሳየሁት። ብዙ ደግ ነገር አይቻለሁ በዕድሜዬ፣ የልጆቼን ሠርግ አይቻለሁ። ያችን የሱን ዓይን የምታህል ጣፋጭ ነገር ግን ጥቂት ነው ያየሁ።

በማግስቱ ላንድሮቨሩ ወደ ኢተያ ወረደ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የቀድሞው ሊቀመንበር ያለ ሽጉጥ፣ ያለ ቆብ ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ፤ የሕዝብ ንብረት ደብቄያለሁ አለ። ከሚቀጥለው ዙር ሚሊሻ ጋር እንዲዘምት ተወሰነ። አጨብጭቡ ሲባል አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቀላ። ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ሌላው ሰው አቁሞ ነበር።

ወጥቼ ካድሬውን ጠበቅሁት። "ጓድ፣ ፈረሴስ?"

"ፈረሱ ለእናት አገር ተሰጥቷል አይደል?" አለኝ፣ በክፋት አይደለም። "ይሄዳል እንጂ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጌታውን ስጥል ፈረሱ ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ማን እንዳለኝ አላውቅም። ጋሼ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "መግቢያውን ብቻ ነው ያሰብከው" አለኝ።

የጫኑት ዕለት ሄድኩ። መኪናው ላይ ከበቅሎዎች መሐል ቆሞ ነበር፤ ወፍሯል፣ አማቶቹ በደንብ አብልተውታል። በሳንቃው መሐል እጄን አሾልኬ አንገቱን ነካሁት። ያቺን ቆራጣ ጆሮውን ወደኔ አዞረ። መኪናው ወደ ናዝሬት ሄደ። አልተመለሰም።

ለፈረሱ አልቅሻለሁ። ሰዎች ይሉኛል፣ ዝም ብትል ኖሮ ፈረስህ ኢተያ ሣሩን እየጋጠ ያረጅ ነበር። እውነት ነው። ያንን ሰው ተሸክሞ ነበር የሚጋጠው።

ዓመታት አለፉ። ሌላ ፈረስ አግኝቼ ወደ ጋሪዬ ተመለስኩ። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት ከከተማው በታች ካለው መንገድ ባዶ ጋሪ ይዤ ስመለስ፣ አንድ ሰው በዱላ እየተደገፈ ዳገቱን ይወጣል። አንድ እግሩን ይጎትታል። እጁን አነሳልኝ፤ አቆምኩ። ያኔ ነው ያወቅሁት። እሱም አወቀኝ። ከስቶ ነጥቷል፣ ሸብቷል፣ ካኪው የለም።

"ወንድሜ" አለኝ። ድሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንት ጊዜ አሰብኩት። ያን ቀን አውቀህ ነው ወይስ ጨዋታ ነው?"

"አውቄ ነው" አልኩት። "ካድሬውን እንድታመጣው ያደረግሁህም እኔ ነኝ።"

መንገዱን አየ። አልተናደደም።

"እኔ ግን ጨዋታውን ወድጄው ነበር" አለ። "ከሳምንቱ ሁሉ እሑድን ነበር የምጠብቅ።"

ይህን ብሎ ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ለመውጣት የጋሪውን ብረት ያዘ።

ፈረሱን ቼ አልኩት። ብረቱ ከእጁ ወጣ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ደመናውም ከጭላሎ ተራራ እየወረደ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዞሬ አላየሁም ይላችኋል። እኔ ዞሬ አይቻለሁ። ፈረሱን ቀስ አድርጌ እየነዳሁ፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።